«አልሰማሁም» ያልሁበት ቀን

ይህን ለማንም አልተናገርሁም። ለባሌ አልነገርሁትም፤ ለእናቴ አልነገርኋትም። የንስሐ አባቴ ቤቴ እየመጡ «ልጄ፣ የቀረሽ ነገር የለም?» ሲሉኝ ጾም መሻሬን፣ ሰው ማማቴን፣ ለቅዳሴ ማርፈዴን እየለቃቀምሁ እሰጣቸዋለሁ። እሳቸውም ስግደት አዘውልኝ፣ ባርከውኝ ይሄዳሉ። ትልቁን ግን ከትንንሾቹ ኋላ ሸሽጌ ይኸው ዓመታት አለፉ።

እናንተ አታውቁኝም፤ ስለዚህ ለእናንተ ልናዘዝ። የሠራሁት በደል አንድ ቃል ነው። ሽማግሌዎች በተሰበሰቡበት፣ በቀን ብርሃን፣ ሳይገርፉኝና ሳያስፈራሩኝ «አልሰማሁም» አልሁ። ሰምቼ ነበር። በዚያች ቃል አንዲት ሴት ከቤቷ ወጣች። እኔ ተምሬ ሥራ ያዝሁ፣ ነጭ ጋዋን ለበስሁ፣ ሰው «ዶክተር» እያለ ይነሣልኝ ጀመር። ነገሩን ከሥሩ እነግራችኋለሁ፤ ካሳጠርሁት ራሴን ማዳን እንደምጀምር አውቃለሁና።

የተወለድሁት ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለ የገበሬ መንደር ነው። ዩኒቨርሲቲ ስገባ አገሬው ሁሉ ሕክምና እንድማር ጠብቆ ነበር። ውጤቴ አልደረሰም፤ ባዮሎጂ ደረሰኝ። አባቴ «ባዮሎጂ ደግሞ ምንድን ነው?» ቢሉኝ «ሕይወት ያለውን ነገር ሁሉ ማጥናት ነው» አልኋቸው። ጥቂት አሰቡና «እንግዲያማ ሐኪም ማለት አይደል!» አሉ። አይደለም ማለት ነበረብኝ። ዝም አልሁ። በሳምንቱ መንደሩ በሙሉ «ዶክተር» ይለኝ ጀመር። እረፍት በመጣሁ ቁጥር አንዷ ጉልበቷን፣ ሌላዋ የልጇን ጆሮ ታሳየኛለች፤ እኔም ግንባሬን ኮስተር አድርጌ እነካካና «ጤና ጣቢያ ውሰጂው» እላለሁ። ደስ ይለኝ ነበር፤ ምን ልደብቅ። ጥፋቴ የተጀመረው ከዚያች ዝምታ ነው ብዬ ራሴን ሳጽናና ኖሬአለሁ። ይህም ማምለጫ ነው። ጥፋቴ የተጀመረው በጀመርሁት ቀን ነው።

ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ግን ዶክተርነቴን የሚያውቅ አልነበረም። የክፍላችን ልጆች ተሰብስበን «ተመርቀን ምን እንሆናለን?» የምንለው ነገር ቀልድም ጭንቀትም ነበር። አንዱ «መምህር» ሲል ሌላው «ባጃጅ ነጂ» ይላል፤ እንስቃለን። ያባቴ ተስፋ ያስጨንቀኝ ነበር። አንድ ቀን «ያ ሁሉ ዓመት ተማርሽ፤ ምን ይዘሽ መጣሽ?» የሚሉኝ ይመስለኝ ነበር። ስለዚህ ሳይጠይቁኝ ይዤ ልሂድ አልሁ።

የእፅዋት በሽታ የሚያስተምሩን መምህር የሙከራ ማሳ ነበራቸው። በመስኖ የለማ የተሻሻለ ድንች ነበር። በማሳው አንድ ጥግ አጠውልግ የሚባለው በሽታ ገባ። አጠውልግ ክፉ ነው፤ ተክሉ ቅጠሉ አረንጓዴ እንደሆነ፣ ውኃም ሳይጎድልበት፣ በድንገት ዝልፍልፍ ይላል። መምህራችን አንዱን ግንድ ቆርጠው ንጹሕ ውኃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ነከሩትና ተሰብስበን አየን። ከቁርጡ ወተት የመሰለ ቀጭን ክር ወደ ታች ወረደ። «ይህ ሁሉ ባክቴሪያ ነው» አሉን። «ከአፈር ከገባ ለዓመታት አይወጣም። የዚህ ማሳ ድንች ይቀበራል፤ አንድም ፍሬ ከዚህ ግቢ እንዳይወጣ።»

እኔ አወጣሁት። ድንቹ እስኪቀበር በመጋዘን ጥግ ተከምሮ ሳለ አጎንቁሎ ነበር። መልኩ ያምራል። ጉዳት የሌለበትን እየመረጥሁ ማዳበሪያ ከረጢት ሞላሁ፤ ደግሜ ሌላ ሞላሁ። በዓይን የማይታይ ነገር በዓይን መርጬ አስቀራለሁ ማለት ምን ዓይነት ትምህርት ነው? ከመምህሩ ጋር ብርጭቆውን ያየሁት እኔ አይደለሁም? አላወቅሁም እንዳልል አውቅ ነበር። ግን የሰኔ እረፍት ደርሷል፣ አባቴ ይጠብቁኛል፣ ባዶ እጄን መግባት አልፈለግሁም። ከቡሬ ባጃጅ ተኮናትሬ ዘሩን እስከ መንገዱ መጨረሻ ወሰድሁት።

ያባቴን ደስታ ማየት ነበረባችሁ። «ልጄ ከዩኒቨርሲቲ ያመጣችው ዘር» እያሉ ለጎረቤት ሁሉ አካፈሉ። በደቦ ተከሉት። ክረምቱ ጥሩ ነበር፤ ድንቹም ሰፈሩ አይቶት እንደማያውቀው ሆኖ አደገ።

እትዬ አንጓችን እዚህ ላይ ላስተዋውቃችሁ። የመንደራችን ሸክላ ሠሪ ነበሩ፤ ባላቸው ሸማኔ ነበር። ድስቱንም፣ ጋኑንም፣ እንስራውንም ከእሳቸው እንገዛለን፤ ከቤታቸው ግን አንበላም። የሸክላ ሠሪ ዓይን ሰው ይበላል፣ ሰብል ይበላል ሲባል ያደግን ነን። እኔ ያገሬን ሽማግሌ ሁሉ «እርስዎ» ስል አድጌ እሳቸውን በናቴ ዕድሜ ሳሉ «አንቺ አንጓች» ነበር የምላቸው። ማንም አልገሠጸኝም። «እትዬ» ብዬ የጻፍሁት አሁን ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ።

በደቦ ድንቹን በምንኮተኩትበት ቀን እትዬ አንጓች ድስቶቻቸውን በጀርባቸው አዝለው ወደ ቡሬ ገበያ ሲሄዱ በማሳው ዳር አለፉ። እኔ ከመጨረሻው መስመር፣ ከመንገዱ ጋር ነበርሁ። ቆም አሉና «ኸረ እንዴት ደስ ይላል! ምን ያለ ድንች ነው እናንተዬ!» አሉ። ሁሉም ቀና ብሎ አያቸው፣ ፊቱን አጥቁሮ መልሶ ጎንበስ አለ፣ የደቦው ዘፈን ቀጠለ። በኛ አገር ያማረ ነገር ያደነቀ ሰው «ከዓይን ያውጣው» ማለት አለበት። ሸክላ ሠሪ ከሆነማ ይህ ቃል ሕግ ነው። እትዬ አንጓች ሸክማቸውን እያስተካከሉ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ «ከዓይን ያውጣው፤ እግዜር ያብዛላችሁ» አሉ። ከዚያ ሄዱ። ቅርብ የነበርሁት እኔ ነኝ። የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ፍልሰታ ከገባ በኋላ ድንቹ መዛል ጀመረ። መጀመሪያ ከኛ ማሳ፣ ቀጥሎ ከጎረቤት። ጠዋት የቆመው ማታ ይተኛል። ሴቶች ማሳው ዳር ተቀምጠው አለቀሱ። እኔ አንድ ግንድ ቆርጬ፣ ጓዳ ገብቼ በሩን ዘጋሁ፣ ብርጭቆ ውኃ ሞልቼ ነከርሁት። ወተት የመሰለው ክር ወረደ። ያየሁትን ለማረጋገጥ ሌላ ቆረጥሁ። ያም ወረደ። ውኃውን ከጓሮ ደፋሁት፣ ብርጭቆውን በአመድ ፈትጌ አጠብሁ። ከጓዳ ስወጣ እናቴ «ምን ሆንሽ? ፊትሽ ገረጣ» አለችኝ። ጾሙ ነው አልኋት።

እኔ ጓዳ በገባሁበት ጊዜ መንደሩ ፍርዱን ጨርሶ ነበር። አንጓች በላችው ተባለ።

ከቅዳሴ መልስ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ጎረቤታችን አያ ደምላሽ ተነሥተው «እኔ ማንንም አልከስም። ዘሩስ ቢሆን? ከየት እንደመጣ እናውቀዋለን?» አሉ። አባቴ ወደ እኔ አዩ። ያን አስተያየት አልረሳውም፤ ቁጣ አልነበረበትም፤ ልመና ነበረበት። ወዲያው ሌሎቹ «ኧረ ዘሩ የዩኒቨርሲቲ ዘር ነው! ዓይኗ ነው እንጂ!» ብለው ጮሁ። እትዬ አንጓች ከሰዉ ፈንጠር ብለው ቆመዋል። ሽማግሌው አያ ጥጋቤ ምን ትያለሽ ሲሏቸው «አድንቄአለሁ፤ አልክድም። ከዓይን ያውጣውም ብያለሁ። ያቺ ልጅ ምስክሬ ናት» ብለው በአገጫቸው ወደ እኔ አመለከቱ።

ምስክሬ ናት አሉ። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል እኔን አመኑ።

አያ ጥጋቤ ፍርድ የማያጓድሉ ሰው ነበሩ። ወደ እኔ ዞረው በእርጋታ «ልጄ፣ አንቺ ተምረሻል። ነገር አትጨምሪ፣ ነገር አትቀንሺ። ከዓይን ያውጣው ብላለች ወይስ አላለችም? ብላ ከሆነ ነገሩ እዚህ አለቀ፤ ሌላ ምክንያት እንፈልጋለን» አሉኝ።

ሌላ ምክንያት እንፈልጋለን። እኔን የገደለኝ ይህ ነው። ሌላው ምክንያት በማዳበሪያ ከረጢት ተሞልቶ በባጃጅ የመጣው ነው። ብለዋል ብዬ ብመልስ የአያ ደምላሽ ጥያቄ ይመለሳል፣ አባቴ አንገታቸውን ይደፋሉ፣ ዶክተርነቴ እዚያው ደጅ ላይ ይቀበራል።

«አልሰማሁም» አልሁ።

እትዬ አንጓች አልጮሁም፤ አልረገሙኝም። «አልሰማሽም?» አሉኝ ቀስ ብለው። መሬት መሬት አየሁ። «እንግዲህ ካልሰማች አልሰማች ነው» ብለው ነጠላቸውን አስተካከሉ። አባቴ ትከሻዬን ይዘው ወደ ቤት ወሰዱኝ።

አገሬው አልደበደባቸውም። ጨዋ አገር ነው፤ ዱላ አያነሣም፤ ይተዋል። ሲያልፉ ሰላምታ ቀረ። እናቶች የልጆቻቸውን ፊት በነጠላ ይሸፍኑ ጀመር። ሸክላ የሚሠሩበትን አፈር የሚቆፍሩበትን ቦታ ባለመሬቱ አጠረው። አፈር የሌላት ሸክላ ሠሪ ምን ትሠራለች? መስቀል ሲያልፍ ባልና ሚስት ዕቃቸውን በአህያ ጭነው ወጡ። ወዴት ብሎ የጠየቀ አልነበረም። እኔም ወደ ዩኒቨርሲቲ ተመለስሁ፤ የዚያን መንፈቅ ዓመት የእፅዋት በሽታ ፈተና ጥሩ ውጤት አመጣሁ።

በዓመቱ ድንች ተተከለ፤ ደግሞ ጠወለገ። ሰው ግን «ዓይኗን ትታብን ሄደች» አለ። ያኔም መናገር እችል ነበር። ይልቅ አባቴን ለብቻቸው «ድንቹን ለጥቂት ዓመታት ይተዉት፤ በቆሎና ዳጉሳ ያፈራርቁበት» አልኋቸው። መድኃኒቱን ነገርኋቸው፤ በሽታውን ማን እንዳመጣው አልነገርኋቸውም። ምክሩ ሠራ። አባቴም ለሰው ሁሉ «ልጄ አዳነችን» አሉ። መንደሩ መረቀኝ። ምርቃቱን «አሜን» ብዬ ተቀበልሁ።

ስመረቅ ሥራ ቶሎ አገኘሁ። ጓደኞቼ ተበታተኑ፤ አንዷ ፍኖተ ሰላም መምህርት ሆነች፣ አንዱ ከቡሬ ፋብሪካዎች ባንዱ ጥራት ተቆጣጣሪ ሆነ፣ አንዱ ደም የሚመረምር ላብራቶሪ ገባ፣ ባጃጅ እነዳለሁ እያለ ያሳቀን ልጅም እውነትም ባጃጅ ይነዳል። እኔ የእፅዋት ጤና ላብራቶሪ ገባሁ። በቃለ መጠይቁ ቀን የጠወለገ ድንች አምጥተው «ምንድን ነው?» አሉኝ። ገና ሳልነካው ስሙን ነገርኋቸው። «እንዲህ መለየት የት ተማርሽ?» ሲሉ «በተግባር ልምምድ» አልሁ። ተደነቁ። እንጀራዬ የተጋገረው በእትዬ አንጓች እሳት ነው፤ ሌላ አባባል የለኝም።

ለዓመታት ለራሴ አንድ ነገር ስነግረው ኖርሁ። ገበሬ ባክቴሪያ ቢሉት አይገባውም፤ ብናገርም አያምኑኝም ነበር እያልሁ። የተማረ ሰው ማጽናኛ ነው፤ ጥፋቱን ባልተማረው ላይ ይጥላል። እሱም ውሸት ነው። ማን ባክቴሪያ ጠየቀኝ? አያ ጥጋቤ የጠየቁኝ አራት ዓመት ተምሬ የምመልሰውን አልነበረም። ጆሮ ያለው ሕፃን የሚመልሰውን ነው። መንደሩ በራሱ ሕግ፣ በራሱ ቃል ሊያድናቸው ተዘጋጅቶ ነበር። ያላዳንኋቸው እኔ ነኝ።

በቅርቡ መምህርቷ ጓደኛዬ ፍኖተ ሰላም ጠራችኝ፤ ለተማሪዎቿ ባዮሎጂ የተማረ ሰው የት የት እንደሚሠራ እንድነግራቸው ነው። ጋዋኔን ለብሼ ቆምሁ። ስለ ላብራቶሪው፣ ስለ ዘር፣ ስለ መድኃኒት፣ ስለ ምግብ ፋብሪካ ተናገርሁ። ብርጭቆውን አሳየኋቸው፤ ክሩ ሲወርድ «ውይ!» አሉ። በመጨረሻ አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ «ባዮሎጂ በማወቅዎ ያዳኑት ሰው አለ?» አለችኝ። ብዙ ገበሬ ብዬ መለስሁ። አጨበጨቡልኝ። ጭብጨባውን መቋቋም አቃተኝ፤ ምሳ ሳልበላ ወጣሁ።

እትዬ አንጓች ፍኖተ ሰላም ገበያ ሸክላ እንደሚሸጡ ከገበያተኞች ሰምቼ ካወቅሁ ቆይቻለሁ። የገበያ ቀን ነበር። ሸክላ ተራ ስደርስ ከማየቴ በፊት ሰማኋቸው። አንዲት እናት ልጅ አዝላ ድስት ታገላብጣለች፤ እሳቸው በተራው ሁሉ በሚሰማ ድምፅ «እንዴት ያለች ልጅ ናት! ከዓይን ያውጣት! ከዓይን ያውጣት!» ይላሉ። ከጎናቸው ያለችው ሻጭ «እትዬ አንጓች፣ እግዜር ደንቆሮ አይደለም እኮ!» ብላ ሳቀች። እሳቸውም ሳቁና «እግዜርስ ይሰማል፤ የማይሰማው ሰው ነው» አሉ።

ልሸሽ ዞርሁ። አዩኝ። «ያገሬ ልጅ! ዶክተር ናት እኮ!» ብለው ለጎረቤቶቻቸው ተናገሩ፤ በኩራት። የተቀመጡበትን ጆንያ አራግፈው «ይቀመጡ እንጂ» አሉኝ። ይቀመጡ። በልጅነቴ «አንቺ» ያልኋቸው ሴት እኔን «እርስዎ» አሉኝ። ስለ አባቴ፣ ስለ እናቴ ጠየቁ። ባላቸው ማረፉን ነገሩኝ። ከዚያ እጄን ይዘው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ያን ነገር በልብዎ አይያዙት። እርስዎ ምን ያርጉ? ጥፋቱ የኔ ነው። ሸክሙ ከብዶኝ ድምጤን ዝቅ አረግሁት። ጮክ ብዬ ብለው ኖሮ ይሰሙ ነበር፤ አይደል?» አሉኝ።

ያን ሁሉ ዓመት ራሳቸውን ሲከሱ ኖረዋል። ድምፃቸው ስለደከመ ቤታቸውን ያጡ መስሏቸዋል። ስለዚህ ነው ገበያ መሐል የሚጮሁት፤ ዳግመኛ አልሰማሁም የሚል እንዳይኖር።

አሁን፣ እናንተ የምትሰሙኝ፣ የመለስሁትን ልንገራችሁ። የመጀመሪያው ውሸት በልጅነቴ፣ በፍርሃት፣ ባባቴ ዓይን ፊት ነው የተዋሸ ልትሉልኝ ትችላላችሁ። ይህኛውን ምን ትሉታላችሁ? ማንም አልከበበኝም። እጄን ይዘው «ይሰሙ ነበር፤ አይደል?» ሲሉኝ «አዎ» አልኋቸው። አዎ። ድስት መረጥሁ። በገለባ ጠቅልለው አሸከሙኝና፣ ከተራው ርቄ ስሄድ እንኳ ድምፃቸው ደረሰኝ፤ «ዶክተር፣ ከዓይን ያውጣዎ!»

ይቅር በሉኝ አልላችሁም። የበደልሁት እናንተን አይደለም። ልጅ ነበርሁ አልልም፤ አባቴን ልጠብቅ ብዬ ነው አልልም። ለእናንተ መናገር ቀላሉ ነው። የሚከብደው በሚመጣው የገበያ ቀን ሸክላ ተራ ሄጄ «ድምፅዎ አልደከመም» ማለት ነው። ከዚያ የሚከብደው ደግሞ መንደር ወርዶ፣ አባቴ ከሰዉ መካከል ተቀምጠው ሳለ፣ ከዚያው ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ቆሞ መናገር ነው። ይህን ስጽፍ እንኳ እፈራለሁ። ፈርቼ ብቀር ይህ ወረቀት ይመስክርብኝ።

አያ ጥጋቤ ዐርፈዋል። ጥያቄያቸው ግን አልተመለሰም፤ ነገር አትጨምሪ፣ ነገር አትቀንሺ ብለውኝ ነበር። አልጨምርም፤ አልቀንስም። እትዬ አንጓች ከዓይን ያውጣው ብለዋል። ሰምቻለሁ።